«ያለ ቪዛ» ማለት ምን ማለት ነው? ከሐዋሳ መናኸሪያ እስከ ቦሌ

ሐዋሳ ውስጥ አንድ የጉዞ ወኪል መስታወት ላይ «ያለ ቪዛ ይብረሩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ ሲንጋፖር፣ ፊሊፒንስ፣ ሩዋንዳ፣ ሲሼልስ እያለ ይወርዳል። ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም መምህራን። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው መጡና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አሉኝ። እውነት ነው አልኳቸው። «ታዲያ ምን ቀረን? ትኬት ብቻ!» አለች ሚስትየው።

ትኬቱ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። በፊቱ ያለውን ወረቀቱ አልጻፈውም።

ቪዛ ማለት አስቀድሞ የተደረገ ምርመራ ነው። ተጓዡ ገና አገሩ ሳለ ኤምባሲው ማንነቱን፣ የሚሄድበትን ምክንያት፣ ገንዘቡንና የሚመልሰውን ጉዳይ ጠይቆ ጨርሷል። «ያለ ቪዛ» ሲባል የቀረው ይህ የቅድሚያ ምርመራ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን አልቀሩም። የጥሪ ካርድ የማይጠየቅበት ሰርግ አስቡ። ካርድ ባይኖርም ድንኳኑ ደጃፍ ላይ የቆመው ሰው «በሙሽራው በኩል ናችሁ ወይስ በሙሽሪት?» ማለቱ አይቀርም። መልስ ካጣችሁ እንጀራው ሳይቀርብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ሲንጋፖርን እንውሰድ። በየዓመቱ በሚወጣው የፓስፖርት ደረጃ አናቱ ላይ የምትቀመጥ አገር ናት፤ የእኛ ፓስፖርት ደግሞ ቪዛ አስቀድሞ ሳይመታበት የሚያስገባባቸው አገሮች 50 አይሞሉም። እንዲያም ሆኖ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ለአጭር ጊዜ ያለ ቪዛ ሲንጋፖር ይገባል። ቢሆንም ከመድረሱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ካርድ በኢንተርኔት መሙላት አለበት። (ካርዱ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የሲንጋፖር መንግሥት አይደለም።) ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የቀረው መሆን አለበት፤ መውጫ ትኬትና ለቆይታው የሚበቃ ገንዘብም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚወስነው የድንበር ሹሙ ነው። ወኪሉ «30 ቀን» ብሎ የጻፈው ጣሪያውን ነው። ሹሙ ከዚያ አሳንሶ ሊሰጥ ይችላል፤ ከነጭራሹም ሊከለክል ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ 6 ወሩ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ፓስፖርቱ የሚያበቃበትን ቀን ያያል እንጂ ስድስት ወር ወደ ኋላ አይቆጥርም። ለጉዞ ሲባል የ5 ዓመት ፓስፖርት የአራት ዓመት ተኩል ፓስፖርት ነው። መደበኛው የአዲስ ፓስፖርት ክፍያ በ2016 መጨረሻ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ካደገ ወዲህ፣ አስቸኳዩ ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ከሆነ ወዲህ፣ ይህችን ሒሳብ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ መሥራት ኪስ ይጎዳል።

ወደ ሹሙ ልመለስ። ከእሱ በፊት ሌላ ሹም አለ፤ ቦሌ ላይ ቼክ ኢን የሚያደርገው ሠራተኛ። መግባት የማይፈቀድለትን መንገደኛ የጫነ አየር መንገድ ሰውዬውን መልሶ የማምጣት ግዴታ አለበት፤ በብዙ አገሮችም መቀጫ ይከፍላል። ስለዚህ ሠራተኛው ፓስፖርቱን ገልጦ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲያፈጥ የሚጠብቀው የድርጅቱን ኪስ ነው። የሚያየው ቲማቲክ የተባለውን መዝገብ ነው፤ የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የየአገሩን የመግቢያ ደንብ የሚያሰባስብበት ነው። እዚያ ላይ «መውጫ ትኬት ያስፈልጋል» የሚል ካለ ሠራተኛው ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር ነው።

ይህንን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከዓመታት በፊት ወደ ማኒላ ስሄድ መመለሻዬን ከሌላ አገር አደርገዋለሁ ብዬ የአንድ መንገድ ትኬት ይዤ ቀረብኩ። ፊሊፒንስ ለኢትዮጵያውያን 30 ቀን ያለ ቪዛ ትፈቅዳለች፤ መውጫ ትኬት ግን ግዴታ ነው። የአንድ አየር መንገድ ሠራተኛ «መውጫህ የታለ?» አለችኝ። እቅዴን ዘርዝሬ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና «እሺ፣ መውጫህ የታለ?» አለች። ሰልፉ ከኋላዬ እያጉረመረመ ስልኬ ላይ የተገኘውን ትኬት በተገኘው ዋጋ ገዛሁ። ያን ቀን ስናደድ አደርኩ፤ አሁን ሳስበው እሷ ልክ ነበረች።

አዝማሚያውም ወደዚያው ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 30 ቀን 2026 ጀምሮ የመግቢያ መስፈርት የማያሟላን ወይም የማትፈልገውን ሰው አየር መንገዱ ከመነሻው እንዳይጭነው ማዘዝ ጀምራለች። ድንበሩ ሲንጋፖር መሆኑ ቀርቶ ቦሌ መጥቷል እንደ ማለት ነው።

የዋጋው ልዩነት ብዙም አይወራም። ኤምባሲ ቪዛ ሲከለክል ተጓዡ የሚያጣው የማመልከቻ ክፍያውን ነው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱን በወረቀት ይሰጡታል። ኤርፖርት ላይ የተመለሰ ሰው ግን ትኬቱን፣ የሆቴሉን ቀብድ፣ የዓመት ፈቃዱን ያጣል። ከሐዋሳ የሄደ ከሆነ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ሻንጣውን ጎትቶ ይመለሳል፤ ሸኝተው የመረቁት ጎረቤቶች ፊትም ይቆማል። በእኔ እምነት የቪዛ ነጻነት ለአቅመ ደካማው ተጓዥ ከቪዛ የበለጠ አደጋ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ፈተናው ቀላል ይሆናል፣ መውደቂያው ግን ውድ ይሆናል።

ሌላው ነገር ለመጻፍም ይከብዳል። ያለ ቪዛ ወደሚገባበት አገር ለብቻዋ የምትሄድ ወጣት ሴት ከባለ ቪዛው ይልቅ ብዙ ትጠየቃለች፤ የምትጠየቀውም በራሷ አገር ኢሚግሬሽን ጭምር ነው። ማን ይቀበልሻል፣ ገንዘቡን ማን ከፈለው፣ ምን ትሠሪያለሽ ይሏታል። ለጉብኝት የሄደች ሴት ይህ ያዋርዳታል፤ እውነቷን ነው። ግን ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በጉብኝት ስም ወጥተው ለቤት ሠራተኝነት የተሸጡ ልጆችን የማያውቅ ሰፈር ደቡብ ውስጥ ማግኘት ይቸግራል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በከባድ ወንጀል የሚቀጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደላላውም ቪዛ የማይጠይቁ አገሮችን ከእኛ ይልቅ አጥርቶ ያውቃቸዋል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠ የእረፍት ፈቃድ ደብዳቤ፣ የሆቴል ማረጋገጫ፣ የባንክ ስቴትመንትና የመመለሻ ትኬት በአንድ ፋይል መያዝ ለውጭው ሹም ብቻ አይደለም፤ ለገዛ አገራችን ሹምም ይጠቅማል።

የሐዋሳ ሰው ኤርፖርት ሞያሌ ነው

ወኪሉ መስታወት ላይ ያልለጠፈው አንድ ያለ ቪዛ ጉዞ አለ፤ ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። በዲላ፣ በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎ አድርጎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወስደው አስፋልት ሞያሌ ያደርሳል። ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን አንዱ ወደሌላው አገር ያለ ቪዛ መግባት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲኦሎ አድርጎ ናይሮቢ የሚገባው መንገድም አስፋልት ሆኗል፤ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኅዳር 2013 የሁለቱ አገሮች መሪዎች ሞያሌ ላይ የመረቁት የጋራ የድንበር ጣቢያም አለ፤ የአንዱን አገር መውጫና የሌላውን መግቢያ በአንድ ቦታ ለመጨረስ የተሠራ ነው።

ችግሩ ሞያሌ ድንበር አለመምሰሏ ነው። ቦረናውም ገሪውም በሁለቱም በኩል ይኖራል። ሰው ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሰርግ ይሻገራል፤ ልጆች በዚያ በኩል ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። ከሰሜን የመጣው እንግዳ ይህን ያይና «ቪዛም የለ፣ ማኅተም ለምኔ» ይላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ያለ ቪዛ መግባት ያለ ፓስፖርት መግባት አይደለም፤ ያለ ማኅተም መግባትም አይደለም። ለድንበሩ ነዋሪ የሚታለፈው ነገር ናይሮቢ መንገድ ላይ ፖሊስ ፓስፖርት ሲጠይቅ አይታለፍም። የመውጫም የመግቢያም ማኅተም የሌለው ኢትዮጵያዊ፣ ሲጀመር ቪዛ የማያስፈልገው ቢሆንም፣ በኬንያ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ሰው ነው። ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ይቀጣል፤ ይመለሳል።

መንገዱ ራሱ ስም አለበት። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ተነስቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው የወጣቶች ጉዞ የሚጀምረው በዚሁ አስፋልት ነው። የኬንያ ፖሊስ አውቶቡስ አስቁሞ ኢትዮጵያውያንን ለይቶ ሲጠይቅ በአእምሮው ያለው ይህ ነው። ጎብኚው ከዚህ ጥርጣሬ ጋር አብሮ ነው የሚሳፈረው። ማሳያው ማኅተሙ ነው፤ የመጀመሪያውን ገጽና ማኅተም ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥም አይከፋም።

ከፓስፖርቱ ቀጥሎ የሚረሳው ቢጫው ካርድ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃው ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት፤ ይህ ደግሞ የወረቀት ስጋት ብቻ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በሽታው ከእኛው አጠገብ ወላይታ ውስጥ ተከስቶ ነበር። በዚህ ምክንያት ኬንያም፣ ሲንጋፖርም፣ ታይላንድም ከእኛ አገር የሚመጣን ሰው የክትባት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ካርዱ ከተከተቡ 10 ቀን ሳይሞላ አይሠራም። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልክ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በየ10 ዓመቱ መደገሙን እ.ኤ.አ. በ2016 አስቀርቶታል። ቪዛ የማያስፈልገው ሰው ኤምባሲ ስለማይሄድ «ካርድህን አምጣ» የሚለው የለም፤ የሚሰማው ቦሌ ወይም ሞያሌ ላይ ነው።

አራት ስም፣ አንድ ወረቀት

ወኪሎች «ያለ ቪዛ» የሚሉት ቃል ውስጥ ቢያንስ አራት ነገር ተደባልቋል። የመጀመሪያው እውነተኛው ነው፤ ፓስፖርት ይዞ መግባት። ሁለተኛው ሲደርሱ የሚሰጥ ቪዛ ነው። ታይላንድ ኢትዮጵያን ለረጅም ጊዜ ያስቀመጠችው እዚህ ውስጥ ነው፤ 15 ቀን ብቻ፣ ኤርፖርቱ ላይ 2,000 ባት ተከፍሎ፣ ገንዘብ መያዝም ታይቶ። ይህ ቪዛ ነው፤ የተለወጠው ወረፋው ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ሦስተኛው ከመነሳት በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ሲሆን፣ ሲሼልስ ቪዛ አልጠይቅም እያለች የምትጠይቀው ይህንን ነው። አራተኛው የኢንተርኔት ቪዛ ነው፤ ስሙም ግብሩም ቪዛ ነው።

ሦስተኛውን በደንብ ያሳየችን ኬንያ ናት። ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ በታኅሣሥ 2016 በነጻነታቸው ቀን ተነስተው ኬንያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ለማንም ቪዛ አትጠይቅም አሉ። አፍሪካ አጨበጨበ። ደንቡ ሲወጣ ግን በቪዛው ምትክ 30 ዶላር የሚከፈልበት የኢንተርኔት ፈቃድ መጣ፤ ቀድሞ ፓስፖርቱን ብቻ ይዞ ይገባ የነበረ የአንዳንድ አገር ዜጋም ፎርም ሞልቶ ክፈል ተባለ። «ቪዛ ተነሳ» በተባለ ማግስት መግባት የከበዳቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ቅሬታው በዝቶ በ2017 ክረምት ከሶማሊያና ከሊቢያ በቀር ለአፍሪካውያን ግዴታው ተነሳ። በሁለት ዓመት ይህን ያህል የሚገለባበጥ ደንብ ባለበት የዛሬ ዓመት የሄደ ዘመድ የነገረንን ይዞ መነሳት አያዋጣም፤ የአገሩን የኢሚግሬሽን ገጽ በጉዞው ሳምንት መክፈት ነው።

የፓስፖርት ደረጃዎቹም ይህንን ድብልቅ ያባብሱታል። «ይህን ያህል አገር ያለ ቪዛ» የሚለው ቁጥር ሲደርሱ የሚሰጠውንም ቪዛ ጨምሮ የሚቆጥር ነው። ደረጃዎቹ የማይቆጥሩት ነገርም አለ፤ ትራንዚቱን። ኢትዮጵያውያን የሸንገን አገሮችን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸውን የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት ለትራንዚት ብቻ ለመጠቀም እንኳ ቪዛ ከሚጠየቁ ጥቂት አገሮች ዜጎች መካከል ናቸው። ዝርዝሩ ውስጥ ከእኛ ጋር ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ኢራቅ፣ አፍጋኒስታንና ሌሎችም አሉ። የካሪቢያን ደሴት ያለ ቪዛ ይቀበለኛል ብሎ በፍራንክፈርት የሚያልፍ ርካሽ ትኬት የቆረጠ ሰው አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቪዛ ማመልከት ይኖርበታል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው፤ ላለው ይጨመርለታል እንዲሉ።

ሌሊት 6 ሰዓት

የቀን ቆጠራ ለእኛ ከሌላው ሰው የባሰ ወጥመድ ነው። እኛ ዘንድ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ፈረንጁ ዘንድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይቀየራል። በትኬቱ ላይ 12ኛው ቀን 00፡30 የተባለ በረራ ለእኛ የ11ኛው ቀን ሌሊት ነው። በዚህች ሠላሳ ደቂቃ በረራ ያመለጠው ሰው አለ፤ ከተፈቀደለት በአንድ ቀን አልፎ የወጣም አለ። የመግቢያው ቀን እንደ አንድ ቀን ይቆጠራል፤ በሸንገን የመውጫውም እንዲሁ። ታይላንድ ለእያንዳንዱ ያለፈ ቀን 500 ባት ትቀጣለች። ገንዘቡ ይከፈላል፤ መዝገቡ ላይ የሚቀረው ግን ለቀጣዩ ቪዛ የሚያስቸግር ነው። አውሮፓ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ማኅተሙን በጣት አሻራና በፎቶ መዝገብ መተካት ይዛለች፤ ከእንግዲህ ቀኑን የሚቆጥረው ኮምፒዩተር ነው።

በሩ ለምን ጠበበ?

አገር ቪዛ የሚያነሳው ለሰው ፍቅር ሲል አይደለም። ጎብኚው የሚያወጣውን ገንዘብ በአንድ በኩል፣ በዚያው የሚቀረውን ሰው በሌላ በኩል አስቀምጦ ይመዝናል። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለፈረንሳይ፣ ለጀርመን፣ ለጣሊያንና ለሌሎች ብዙ አገሮች ጎብኚዎች ምላሽ ሳትጠብቅ በሯን የከፈተችው በዚህ ሚዛን ነው። የእኛ ሚዛን ያጋደለው ወደ ሌላው ነው። በሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን ተደጋጋሚ መግቢያ ቪዛ መስጠት አቆመ፤ መደበኛውን የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ለዲፕሎማት ፓስፖርት የክፍያ ነጻነት ማድረግ ይቻል የነበረበትንም አሠራር አገደ። ምክንያቱ መንግሥታችን ያለ ፈቃድ የተቀመጡ ዜጎቹን ለመቀበል አልተባበረም የሚል ነበር። በሐምሌ 2017 አሜሪካ ለአብዛኛው የጉብኝት ቪዛችን የ3 ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ገደብ አደረገች። በሁለቱም ውሳኔ ቅጣቱ የወደቀው ቀኑን ጠብቆ በሚመለሰው ሰው ላይ ነው። ተመልሶ የመጣ ሰው ለመንግሥት ዝምድና መያዣ መሆኑ ፍትሕ አይመስለኝም።

አፍሪካም ብትሆን ከዚህ የተሻለ አላደረገችም። የአፍሪካ ኅብረት የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል በጥር 2010 እዚሁ አዲስ አበባ ጸደቀ። ሥራ ላይ ለመዋል የ15 አገሮች ማጽደቂያ ያስፈልገው ነበር፤ ዓመታት አልፈው ያጸደቁት ሩዋንዳ፣ ኒጀር፣ ማሊና ሳኦ ቶሜ ነበሩ፤ አራት ብቻ። ሩዋንዳ፣ ቤኒን፣ ጋምቢያና ሲሼልስ ለአፍሪካውያን በራቸውን የከፈቱት ፕሮቶኮሉን ሳይጠብቁ በራሳቸው ውሳኔ ነው።

ጎረቤቶቼ በመጨረሻ ሲንጋፖርን ትተው ናይሮቢን መረጡ፤ የመምህር ደመወዝ የሚደርስበት እሱ ነው። የአጋማሽ ዓመት እረፍታቸው በየካቲት መጀመሪያ ነበር። ፓስፖርታቸው 11 ወር ቀርቶታል፤ የሆቴሉ ማረጋገጫ ታትሟል፤ ከትምህርት ቤታቸው ደብዳቤ ወስደዋል። ቢጫውን ካርድ ግን ያሰቡት እኔ ከነገርኳቸው በኋላ ነው። የተከተቡት ጥር 26 ነው። አሥሩን ቀን በጣታቸው ቆጥረው የካቲት 6 ንጋት 12 ሰዓት መናኸሪያ ለመገናኘት ተቀጣጥረዋል፤ ከእረፍቱ የሚቀራቸው አምስት ቀን ነው፣ ሁለቱን አስፋልቱ ይወስደዋል።